የደብረወርቅ ጉሮሮ

ደብረወርቅ እንቅርቷ ከመቆረጡ በፊት ድምፅዋ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ሁሉ የታወቀ ነበር። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው። ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሲሞላ ማሳው ውኃ ይለብሳል፤ ድምፅን የሚያግደው ጉብታ አይኖርም፣ በወዲያ ማዶ የተጠራ ሰው በወዲህ ማዶ ሆኖ አቤት ይላል። የእሷ ድምፅ ደግሞ ቀጭንና ጥርት ያለ ስለነበረ ከሌላው ሰው ርቆ ይሄድ ነበር። ሰርግ ቤት እልልታውን እሷ ካልጀመረችው ሴቶቹ አይሞቃቸውም፤ ለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ ወንዶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ባሏ እንግዳው እንኳ በመጀመሪያ ያወቃት በዓይኑ አይደለም። ሩዝ በሚያሸትበት ወራት ወፍ ስትጠብቅ ከሩቅ ስትጮህ ሰምቶ፣ «ይች የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠይቆ ነው።

እንቅርቱ የወጣባት ልጇን ትርሲትን ከወለደች በኋላ ነበር። መጀመሪያ ነጠላዋ ይሸፍነው ነበር። እያደር ግን አደገና ስትተኛ ትንፋሽ ያሳጥራት፣ ስትውጥ ያንቃት ጀመር። ባሕር ዳር ሄዳ ብትታይ መቆረጥ አለበት ተባለች። ሐኪሙ አልደበቃትም።

«ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ እዚያው ሥር ነው የሚያልፈው» አላት። «ሊነካ ይችላል። ድምፅሽ ሊጎረንን ይችላል።»

እሷ ግን ያን ጊዜ የምታስበው ስለ ሞት እንጂ ስለ ድምፅ አልነበረም። «ብቻ ልጄን ላሳድግ» አለችና እሺ አለች።

እንግዳው ያን ጊዜ ቤቱ አልነበረም። ወደ ደቡብ ርቆ፣ ጎፋ ተራሮች ውስጥ በሚሠራ መንገድ ላይ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ካምፑ ኔትወርክ አይደርሰውም፤ ለመደወል ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ሚስቱ መቆረጧን ያውቃል። ያስታመመቻት ታናሽ እህቷ ሉሊት ናት፤ እሷም፣ «በሰላም ወጥታለች፤ ለጊዜው እንዳትናገር ሐኪም ከልክሏታል» ብላ ነግራዋለች። ይኸ እውነት ነበር። ውሸቱ የመጣው በኋላ ነው።

ፋሻው ተፈትቶ «እስቲ ተናገሪ» ስትባል ከደብረወርቅ አፍ የወጣው ድምፅ የሌላ ሰው ነበር። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከደረት ሥር የሚነሣ። ራሷ ደንግጣ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ዘወር ብላ አየች። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል፣ መታገሥ እንጂ ሌላ መላ እንደሌለው ነገራት።

ወደ ቤቷ በተመለሰች ሰሞን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። የንስሐ አባቷ መምሬ ዓለምብርሃን ቅጥሩ በር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው።

«እንዴት አደሩ መምሬ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ስሟን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። በዚያ ድምፅ «ደብረወርቅ ነኝ» ብትላቸው የሚያላግጥባቸው ጎረምሳ ሊመስላቸው ነው። አጎንብሳ መስቀላቸውን ሳመች። «ይባርክህ» አሏት፤ ምንም ሳትል አለፈች። ከዚያ ወዲያ ሰው ካላነጋገራት ሰው ማነጋገር ተወች።

ሉሊት ናት «ወንዛዬ ፍል ውኃ እንሂድ» ያለቻት። «እንፋሎቱ ጉሮሮ ያላቅቃል ይላሉ።»

ሄዱ። የደረሱት በማለዳ ነበር፤ ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ከፍል ውኃው የሚነሣው እንፋሎት የሴቶቹን መታጠቢያ ሞልቶት ሰው ከሰው አይተያይም። ሴቶቹ ውኃው ውስጥ ሆነው ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ። ደብረወርቅም እስከ አንገቷ ገብታ እንፋሎቱን ስትስብ ሰውነቷ ተፍታታ። ደስ አላት። ደስ ሲላት ረሳችው።

«ሉሊት፣ እስቲ ሳሙናውን አቀብይኝ» አለች።

ጨዋታው ቀጥ አለ። ወዲያው አንዲት ሴት «ወንድ ገብቷል!» ብላ ጮኸች። ውኃው ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ወደ ልብሳቸው ተሯሯጡ፤ አንዷ ድንጋይ አነሣች። ሉሊት «ኧረ ሴት ናት! እህቴ ናት!» ብትል የሚሰማት አልነበረም። በመጨረሻ ደብረወርቅ ከውኃው ወጥታ ቆመች። እርቃኗን ቆማ፣ ለማያውቋት ሰዎች ሴትነቷን አሳየች።

ድንጋይ ያነሣችው ድንጋዩን ጣለች። አንዳንዶቹ ይቅርታ አሏት፤ አንዳንዶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የሳቁት ያን ያህል አልከፏትም። የከፋት፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ ስትመልስላቸው ዓይናቸው እያያት እንኳ ፊታቸው መኮማተሩ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት በሹክሹክታ ብቻ መናገር ያዘች። ሹክሹክታ ወንድና ሴት የለውም። በሹክሹክታ ሲሆን እሷም እንደማንኛዋም ጉሮሮዋን እንደታመመች ሴት ነበረች፤ ጎረቤቱም የሐኪም ትእዛዝ ነው ብሎ አመነ። ያን ወፍራም ድምፅ የምታወጣው ቤቷ ውስጥ፣ በር ዘግታ፣ ለልጇ ብቻ ነበር። ትርሲት ወዲያው ለመደችው። እንዲያውም ተረት ሲነገራት የጅቡ ተራ ሲደርስ ከድሮው ይልቅ ደስ እያላት ትስቅ ነበር።

ለእንግዳው መንገሩ ግን አልሆነላትም። ሉሊት ሐሙሲት ከተማ ወዳለው ትዳሯ እስክትመለስ ድረስ ስልኩን የምታነሣው እሷ ነበረች፤ «ሐኪም ገና አልፈቀደላትም» ትለዋለች። ሉሊት ከሄደች በኋላ ደብረወርቅ የጽሑፍ መልእክት ትልክለታለች፤ ደህና ነኝ፣ ልጅህ ደህና ናት፣ ኔትወርኩ አስቸገረ። አንድ ቀን «ድምፅሽ ናፈቀኝ» ብሎ ጻፈላት። ይህን ባይጽፍ ኖሮ ምናልባት ትነግረው ነበር። አንብባው ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የናፈቀው ድምፅ የለም፤ የለም ብላ የምትነግረው ደግሞ በዚህኛው ድምፅ ነው።

እንግዳው ስልኩ ተሰብሮበት በሥራ ባልደረባው ስልክ የደወለ ቀን ነው ነገሩ የተበላሸው። ትርሲት ውጭ እየተጫወተች ነበር። ደብረወርቅ የማታውቀው ቁጥር ስታይ ሩዟን የሚፈለፍልላት ባለ ወፍጮ መሰላትና አነሣችው።

«ሃሎ» አለች።

 ከዚያ የባሏ ድምፅ መጣ፣ «ማነህ?»

 ጮክ ብላ ብትመልስለት የሚሰማው ያው የወንድ ድምፅ ነው፤ ብትሾከሹክ ከተደበቀ ሰው ጋር ያለች ይመስላል።

«አንተ ማነህ? የደብረወርቅ ስልክ አይደለም?»

ስልኩን አጠፋችው። ማጥፋቱ ከመናገር የባሰ መሆኑን ያወቀችው ካጠፋችው በኋላ ነው። መልሳ ከፍታ ብትደውል ደግሞ በዚያ ቁጥር የሚያነሣ አልነበረም።

እንግዳው ኮረብታው ላይ ቆሞ ያን «ሃሎ» በልቡ ደጋግሞ ሰማው። ስልክ ድምፅን እንደሚያጠብ፣ የሩቁን ሰው ድምፅ ግማሹን እንደሚያስቀር ያውቃል። ቢሆንም የሰማው የወንድ ድምፅ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ቀጥሎ ለጎረቤቱ ለአያ ቢሻው ደወለ። አያ ቢሻው ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ፣ ነገር የማያበዙ ገበሬ ናቸው።

«አያ ቢሻው፣ እንዳይደብቁኝ። እኔ ቤት ወንድ ይገባል?»

 «ሲገባ ያየሁት ሰው የለም» አሉ።

«ያዩትን አይደለም የጠየቅሁዎ።»

«እንግዲህ ልዋሽህ አልችልም። ፀሐይ ስትጠልቅ የወንድ ድምፅ እሰማለሁ። ጎርናና ድምፅ። ልጅቱም ትስቃለች። ወንድሟ ነው ብዬ ልለፈው ነበር።»

«ወንድም የላትም።»

«እሱን አውቃለሁ» አሉ አያ ቢሻው ቀስ ብለው።

እንግዳው ፈቃድ ጠይቆ መንገድ ገባ። አውቶቡሱ ውስጥ ያን አንድ ቃል እየደጋገመ ከቃሉ ሰው ሠራ። አንገተ ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ፣ ከእሱ በዕድሜ ከፍ የሚል፣ ጢሙን ያሳደገ። ባሕር ዳር ሲደርስ የሰውዬውን ፊት ያየው ያህል ያውቀው ነበር። ሐሙሲትን ሲያልፍ ወርዶ ሉሊትን ለመጠየቅ አሰበና ተወው። እሷም አብራ የዋሸች መስሎታል።

ወረታ መገንጠያው ላይ ወርዶ ባጃጅ አልያዘም። ሰው ሰላም እንዳይለው በማሳው ዳር ዳር በእግሩ ሄደ። አያ ቢሻው ቤት ሲደርስ መሽቶ ዓይን ሊይዝ ነው። ሽማግሌው ከአማቻቸው ከታደለ ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። እንግዳው ሰላምታ ሳይጨርስ ዱላ ጠየቀ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ በሽማግሌ ይጠየቅ» አሉ አያ ቢሻው።

«ምስክር ሁኑኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ሦስቱ አጥሩ ሥር ቆሙ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ የዘንድሮው ሩዝ ገና ስላልገባ ጎተራው ባዶ ነበር። ባዶ ቤት ደግሞ ድምፅን ይቀበልና አወፍሮ ይመልሰዋል። ከውስጥ ትርሲት ስትስቅ ተሰማች። ቀጥሎ ያ ድምፅ መጣ።

«ነይማ የኔ ሸጋ፣ እግርሽን ልጠብልሽ። እንዲህ በጭቃ ልትተኚ ነው?»

እንግዳው ቃሉን ሰምቷል። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያሳፈረው ይኸ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ ሰምቷል። «የኔ ሸጋ» ብላ ልጇን የምትጠራው ደብረወርቅ ናት። «ነይማ» ስትል መጨረሻውን ጎተት የምታደርገው እሷ ናት። እግር ሳይታጠብ መተኛት የማትወደው እሷ ናት። ጆሮው ይህን ሁሉ ተቀብሎ፣ የድምፁ ውፍረት ግን ሁሉንም ዋጠበት። ያን ጊዜ ያሰበው፣ ሌባው የቤቴን ቋንቋ እንኳ ለምዷል ብሎ ነው። የልጁ ሳቅ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አንገበገበው።

በሩን በዱላ መታው። «ውጣ! ውጣ አንተ!»

 ጩኸቱ በሜዳው ላይ ርቆ ሄደና ከየቤቱ ሰው ወጣ። በሩ ከውስጥ ሲከፈት ደብረወርቅ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቆማለች፤ ትርሲት ቀሚሷን ይዛለች፣ እግሯ እንደረጠበ ነው። ገፍቷት ገባ። ጎተራውን ከፍቶ አየ፣ አልጋ ሥር አጎነበሰ፣ የጓዳውን መጋረጃ በጠሰው። ታደለ የጓሮውን በር ይዞ ቆሟል። የሚወጣ ሰው የለም።

«የት ደበቅሽው?»

አልመለሰችም። አፏን አንድ ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየች፤ አያ ቢሻውን፣ ሴቶቹን፣ ልጆቹን። እንግዳው ዝምታዋን እንደ ጥፋት ቆጠረው። ነጠላዋን ይዞ ሲጎትታት ነጠላው ተፈቶ በእጁ ቀረ፤ እሷ መደቡ ላይ ወደቀች። አንገቷ ላይ ከወዲህ እስከ ወዲያ የተሰፋው ጠባሳ ለሁሉም ታየ።

«አባዬ፣ ሌላ ሰው የለም» አለች ትርሲት እያለቀሰች። «እማዬ ናት የምታወራው።»

«ዝም በይ አንቺ!»

ደብረወርቅ ከመደቡ ተነሣች። ልጇን ወደ ኋላዋ አደረገችና ወራት ሙሉ የደበቀችውን ድምፅ በአገር ፊት አወጣችው።

«እንግዳው፣ እኔ ነኝ» አለች። «ስልኩንም ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሲቆርጡኝ እንዲህ ሆንሁ።»

 ከውጭ አንድ ጎረምሳ ሳቅ አመለጠውና ሌላው በክርኑ ጎሸመው። አያ ቢሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንግዳው በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ ነጠላ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እያያት ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቷል። ቢሆንም ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰለውም፤ ዓይኑ ሳያዝዘው ወደ መጋረጃው ሄደ። እሷ አየችው። መጋረጃውን ሲያይ አየችው።

«አሁንም ትፈልጋለህ?» አለችው።

ሰዉ እግሩን እየጎተተ ተበተነ። ነጠላዋን ሊያለብሳት ቢዘረጋው አልተቀበለችውም፤ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ያን ሌሊት እሱ ደጅ ላይ ተቀምጦ አደረ። ሲነጋ ደብረወርቅ ልጇን ይዛ ወጣች፤ በአጠገቡ ስታልፍ «ሐሙሲት ነኝ» ብቻ አለች። በሹክሹክታ አልነበረም።

እንግዳው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ጎረቤት ሲያልፍ ወደ ጓዳ ይገባል። ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ምን ሲባባሉ እንደነበር ለማወቅ መስማት አላስፈለገውም። ከልጆቹ አንዱ ድምፁን አወፍሮ «እንግዳው፣ እኔ ነኝ» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። የሚላገጠው በእሱ ብቻ ቢሆን በቻለው ነበር። የሚያላግጡት በእሷ ድምፅ ነው፤ ያን ድምፅ ደግሞ ለመላው አገር የሰጠው እሱ ነው። እሷ በር ዘግታ የጠበቀችውን።

አያ ቢሻው መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሽማግሌ ሆኜ በጆሮዬ ብቻ መሰከርሁ።»

«የሰሙትን ነው የነገሩኝ።»

«የሰማሁት ጎርናና ድምፅ ነው። የወንድ ድምፅ ያልሁት እኔ ነኝ።»

እንግዳው ይህን ካሰበ በኋላ ወደ መምሬ ዓለምብርሃን ሄደ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ነጠላውን እስከ ጎተተው፣ መጋረጃውን እስካየው። መምሬ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቆይ» አሉ። «ይች ልጅ ድምፅዋ ምን ዓይነት ሆነ አልህ?»

ነገራቸው።

«በዚህ ዓይነት ድምፅ ሰላም ብላኝ፣ ስሟን ሳትነግረኝ መስቀሌን ስማ ያለፈች አንዲት ሰው ነበረች» አሉ። «ወንድ መስላኝ፣ ‘አንተ የማን ልጅ ነህ’ ብያታለሁ። ‘ይባርክህ’ ብያለሁ። ስንት ዘመን ንስሐዋን የተቀበልሁ ሰው ሆኜ።» መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ሐሙሲት አብሬህ እሄዳለሁ። አማላጅ ሆኜ ብቻ አይደለም፤ እኔም የምለው አለኝ።»

መምሬና አያ ቢሻው ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ ሆነው ሉሊት ቤት ደረሱ። ሉሊት ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ስትሰጥ ለእሱ አልሰጠችውም። ቆመ።

«እህቴን ቃሬዛ ላይ ሆና ሳስታምማት አንተ አልነበርህም» አለችው። «ከሞት ተርፋ ነው በዱላ የመጣህባት።»

«እውነት ነው» አለ።

ደብረወርቅ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንጂ አንገቷ ላይ አልነበረም። መምሬ ቀድመው ተናገሩ፤ በቅጥሩ በር ላይ ያሏትን ጠቅሰው፣ «ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነው እያልሁ ስመካ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ቀርባ መስቀላቸውን ሳመች። «እርስዎ ምን አጠፉ መምሬ» አለች። ሽማግሌው ድምፅዋን ሲሰሙ ትከሻቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ግን እጇን ይዘው አልለቀቁም።

ቀጥላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ስልክ ላይ ማነህ ስትለኝ መመለስ ነበረብኝ» አለች። «አፍሬ ነው የዘጋሁት። ያ የኔ ጥፋት ነው፣ ካስፈለገም ይቅርታ እልሃለሁ። ግን ቤት ድረስ መጥተህ፣ በሩ ላይ ቆመህ ልጄን ስጠራት ሰማኸኝ። እንዴት ጠራኋት?»

እንግዳው መሬት መሬት እያየ፣ «የኔ ሸጋ አልሻት» አለ።

«ሰምተሃል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ በዚህ ዓለም ላይ ልጅህን የኔ ሸጋ የሚላት ማነው?»

 ላቡ በአፍንጫው ወረደ። 

«ቃሌን ትተህ ውፍረቱን ሰማህ» አለች። «ሌላው ሰው ቢያደርገው ግድ የለኝም። ወንዛዬም ድንጋይ አንሥተውብኛል። አንተ ግን ታውቀኝ ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እሷ ግን ያን ቀን አልተመለሰችም። ሽማግሌዎቹ ምን ካሳ እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ካሳ እንደማትፈልግ ተናገረች። አንድ ነገር ብቻ አለች፤ በሩን የመታው አገር እየሰማ ስለሆነ፣ ያጠፋውንም አገር እየሰማ ይናገር።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ መምሬ ዓለምብርሃን «እንግዳው የሚለው አለው» አሉ። ተነሣ። ስንት ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ሰዉን ሲያይ ሁሉም ጠፋበት።

«ሚስቴ ምንም አላጠፋችም» አለ። «ቤቴ ውስጥ ወንድ አልነበረም። ታማ ድምፅዋ ተለወጠ፤ እኔ ሳልጠይቅ ዱላ ይዤ መጣሁ። ልጄ ነግራኝ እንኳ ዝም በይ አልኋት። በሚስቴ ድምፅ የሚስቅ ሰው ካለ...» እዚህ ላይ ሊቆጣ ነበር፤ ለመቆጣት ግን ፊት አልነበረውም። «መጀመሪያ ያሳቅሁባት እኔ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። እሱ አንገቱን ቀና ሳያደርግ ሰዉ ተነሥቶ ሄደ።

ወደ ጎፋ አልተመለሰም። ወረታ ውስጥ ለሩዝ ነጋዴዎች ጭነት መኪና መንዳት ጀመረ። ደብረወርቅ ሩዙ በታጨደ ሰሞን ከልጇ ጋር ተመለሰች። ሐኪም ጋ ደግማ ሄዳ ነበር፤ ከእንግዲህ ብዙም እንደማይለወጥ ተነገራት። መሾክሾኩን ተወችው። ገበያ ስትሄድ በዚያው ድምፅ ትከራከራለች፤ የማያውቋት ዞር ብለው ያያሉ፣ አንዳንዱ «ምን ልስጥህ ወንድሜ» ብሎ ቀና ሲል አፉን ይይዛል። መልስ ትሰጣለች፣ ትገዛለች፣ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ትመለሳለች። ሰርግ ቤት ስትጠራ ትሄዳለች፤ እልልታውን ግን የሚጀምሩት ሌሎች ናቸው።

እንግዳው እያያት ስታወራ አሁን ድምፅዋ የእሷ ነው። አነጋገሯ፣ ከመናገሯ በፊት አፍታ የምትቆምበት፣ ስትቆጣ ቃሉን የምትረግጥበት፣ ሁሉም እንዳለ ነው፤ ጉሮሮዋ ብቻ ነው የተለወጠ። ይህን አውቋል። ጆሮው ግን ልቡ ያወቀውን ሁሌ አይቀበለውም።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሶ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሸራ ይጠግናል። ደብረወርቅ ከኋላው መጥታ «እንግዳው» አለች።

ዘልሎ ተነሣ። ቡጢውን ጨብጦ ነበር። ሲያያት እጁን ፈታ፤ እሷ ግን አይታው ነበር።

«ደነገጥህ?» አለች።

«አልደ...» አለና ተወው። «አዎ፣ ደነገጥሁ።»

«ማን መሰልሁህ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ሰው» አለ። «ወንድ።»

 ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለለው።

«እስከ መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ። «ባላደርገው ደስ ባለኝ።»

ሸራውን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የተሰበሰበውን ጫፍ ያዘችለት። ጎን ለጎን ሆነው፣ እሱ እየሰፋ እሷ እየወጠረች፣ ሸራውን ጨረሱት። ፊቱ ሲግል ይታወቀው ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ያን ምሽት ብዙ አወራችለት፤ ስለ ልጂቱ ትምህርት፣ ስለ አያ ቢሻው ላም፣ ስለ ሉሊት መውለድ። ጆሮውን ልታለምድ ሆነ ብላ እንደሆነ ገባው። ዓይኑን ሸራው ላይ ተክሎ፣ ፊቷን ሳያይ፣ ድምፅዋን ብቻ እየሰማ ተቀመጠ።